ዴጉ ለስድስት ወር ልቀመጥ ነው፤ የትኞቹን የኮሪያ ከተሞች ልይ?

እርግብ በር

ሰላም የሀገሬ ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ። ከመስከረም እስከ የካቲት ለስልጠና ደቡብ ኮሪያ ልሄድ ነው። የምቀመጠው ዴጉ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍል ውስጥ ስለምውል ለኔ የሚተርፈኝ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው።

ቀድመውኝ የሄዱትን ስጠይቃቸው ሁሉም የሚያወሩኝ ስለ ሴኡል ነው። ገበያው፣ ፎቁ፣ የማታ መብራቱ። እኔ ደግሞ ፎቅ ለማየት ያን ያህል አልጓጓም። ያደግሁት ግንብ ሥር ነው፤ ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ የፋሲል ግቢን አጥር ተደግፈን ነበር ቆሎ የምንቆረጥመው። ስለዚህ እነሱም በየትንሹ ከተማቸው ምን እንዳላቸው፣ እንዴት እንደያዙት፣ ተራራቸውና ውኃቸው ምን እንደሚመስል ማየት ነው የምፈልገው።

ከዴጉ ደርሶ መልስ ወይም አንድ ሌሊት አድሬ የማያቸው የትኞቹ ናቸው? ለብቻዬ ነኝ፣ ቋንቋውንም አልችልም፣ ያስቸግር ይሆን? የነቢያት ጾም እዚያው ይገባብኛል፤ ምን ይበላል? ደግሞስ የቡድሃ ቤተ መቅደስ መግባት ለኛ እንዴት ነው? እናቴ ከወዲሁ በሱ ተጨንቃለች። ገንዘቤ ብዙ አይደለም፣ ቀጥታ ቀጥታውን ንገሩኝ።

ጃንተከል

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። ዴጉ መመደብሽ ራሱ ዕድል ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት እዚያ ነው። ሴኡል ያሉት ልጆች ቅርስ ለማየት በሌሊት ተነሥተው ባቡር ሲጠብቁ እኔ ቁርሴን በልቼ ወጥቼ ከነሱ ቀድሜ እደርስ ነበር።

መጀመሪያ ግዮንግጁ ሂጂ። ዶንግዴጉ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለው መናኸሪያ አውቶቡስ ትይዣለሽ፣ ግፋ ቢል አንድ ሰዓት ነው። ኬቲኤክስ የሚሉት ፈጣን ባቡር ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጅበት፣ ግን ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሆነ ወርደሽ ሌላ አውቶቡስ መጠበቅ አለብሽ። መናኸሪያው ግን መሀል ከተማ ነው። ዋጋውም ይረክሳል።

ግዮንግጁ የሺላ መንግሥት መናገሻ ነበረች፣ ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል፣ መንግሥቱ እስከወደቀበት እስከ 935 እ.ኤ.አ. ድረስ። ከመናኸሪያው ትንሽ እንደተራመድሽ ሱቅና ቡና ቤት መሀል ትልልቅ ክብ ጉብታዎች ብቅ ይሉብሻል። ሣር የለበሰ የደምቢያ የጤፍ ክምር በይው። የነገሥታትና የመኳንንት መቃብሮች ናቸው። ዴሩንግዎን በሚባለው ግቢ ውስጥ ያለውን አንዱን፣ ቾንማቾንግን፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ቆፍረው ስለከፈቱት ውስጡ ትገቢያለሽ፤ ድንጋዩ እንዴት እንደተከመረ፣ ሬሳው የት እንደነበር ታዪያለሽ። የወርቅ ዘውዱን ግን ብሔራዊ ሙዚየሙ ውስጥ ፈልጊ። የሙዚየሙ ቋሚ ትርኢት ነጻ ነው። ግቢው ውስጥ በ771 እ.ኤ.አ. የተሠራው የንጉሥ ሶንግዶክ ደወል ተሰቅሏል፣ ወደ 19 ቶን ይመዝናል። ሲሠራ ሕፃን ተሠውቶበታልና ድምፁ ውስጥ የልጅ ልቅሶ ይሰማል የሚል አፈ ታሪክ አለው። አሁን አይመቱትም፣ የተቀዳ ድምፁን ነው የሚያሰሙት።

ሁለተኛው ሄይንሳ ነው፣ ጋያሳን ተራራ ላይ ያለ ገዳም። ከዴጉ ምዕራብ መናኸሪያ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ብራና ሲዳሰስ ያደገ የጎንደር ሰው ሄይንሳን ሳያይ መመለስ የለበትም ባይ ነኝ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሞንጎሎች ሀገሩን ሲወሩ ኮሪያዎቹ ምን አደረጉ መሰለሽ፣ አምላካችን ይታደገን ብለው የቡድሃን መጻሕፍት በሙሉ ከ80,000 በላይ በሆነ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ቀረጹ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ፣ ለኅትመት እንዲሆን ገልብጠው። ሰሌዳዎቹ ዛሬም እዚያው አሉ። በረድፍ እንደ መጽሐፍ ቆመዋል፣ በእንጨት ርብራቡ ቀዳዳ አጮልቀሽ ነው የምታዪያቸው፣ ፎቶ ማንሳት የለም።

እዚያ ስትደርሺ መስኮቶቹን ልብ በይ። ከፊት በኩል የታችኛው መስኮት ሰፊ፣ የላይኛው ጠባብ ነው። ከጀርባ በኩል ተገላቢጦሽ ነው። አየር በታች ገብቶ ሰሌዳው መሀል ዞሮ በላይ እንዲወጣ ነው። ወለሉም ከሰል፣ ኖራና ጨው ተቀላቅሎበት የተደለደለ ስለሆነ እርጥበት ሲበዛ ይመጠዋል፣ ድርቅ ሲል መልሶ ይተፋዋል። በ1970ዎቹ ዘመናዊ መጋዘን ሠርተውላቸው ነበር፤ ለሙከራ የገቡት ሰሌዳዎች ሻገቱና ሐሳቡ ቀረ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የእንጨት አዳራሽ አሸነፈ።

አንድ ነገር ልጨምር። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ፣ በ1951 እ.ኤ.አ.፣ ሽምቅ ተዋጊዎች አካባቢው ተደብቀዋል ተብሎ ሄይንሳ በቦምብ እንዲመታ ታዝዞ ነበር። የአየር ኃይሉ ኮሎኔል ኪም ዮንግ ህዋን ቦምቡን አልጥልም አለ። እኛ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ከደርቡሽ ንብ አተረፈልን እንላለን። እነሱ አብራሪ አተረፈላቸው።

አስጎብኚው

እኔ እዚሁ ጎንደር አስጎብኚ ነኝ፣ ለአጭር ስልጠና ሄጄ አንዳንዱን አይቻለሁ። ጃንተከል ስለ ሄይንሳ ያለው እውነት ነው። ግዮንግጁን ግን ባይክባት ጥሩ ነበር።

ቡልጉክሳ የሚባለው ዝነኛው ቤተ መቅደስ እዚያ ነው። በ1593 እ.ኤ.አ. ጃፓኖች ሲወሩ ተቃጥሏል፣ አሁን የቆመው አብዛኛው ከ1969 እስከ 1973 ባለው ጊዜ የታደሰ ነው። እንጨቱ ከኔ አባት ያነሰ ዕድሜ ነው ያለው። አደባባዩ ላይ የቆሙት ሁለቱ የድንጋይ ማማዎች ግን የ8ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው፤ ዳቦታፕ የሚባለው አሥር ዎን ሳንቲም ላይ ያለው ነው። እነሱን እዪ። ቀለም የተቀባውን ሁሉ እያየሽ ጥንታዊ ነው ብለሽ አትደመሚ። ደግነቱ ከ2023 ጀምሮ መግቢያው ነጻ ሆኗል።

ከዚያ በላይ ተራራው ላይ ሶክጉራም አለ፣ ከጥርብ ድንጋይ የተሠራ ዋሻ፣ ውስጡ ቁጭ ያለ ትልቅ የድንጋይ ቡድሃ። ይኼንን ደግሞ የጎንደር ሰው በደንብ ሊያየው ይገባል፣ ግን በሌላ ምክንያት። በጃፓን ቅኝ ግዛት ጊዜ አፈራርሰው መልሰው ሲገጥሙት በሲሚንቶ አጠሩት። ዋሻው መተንፈስ አቃተው፣ እርጥበት ገባበት፣ ሞስ የሚሉት አረንጓዴ ነገር አበቀለ። በ1960ዎቹ ለማስተካከል ሌላ ግንብ ጨመሩበት። ይኸው እስከ ዛሬ እርጥበቱን በማሽን እየሳቡ በመስታወት ጀርባ ነው የሚያሳዩሽ። ጣሊያን ፋሲል ግቢን በሲሚንቶ ሲለጥፍ፣ በኋላ ያንን እያነሱ ወደ ኖራ ለመመለስ የታየውን መከራ ለምናውቅ ሰዎች አዲስ ታሪክ አይደለም። እዚያ መስታወት ፊት ቆሜ ከሐውልቱ ይልቅ ግድግዳውን ነበር የማየው፣ አብረውኝ የነበሩት ሳቁብኝ።

የኔ ምርጫ አንዶንግ ነው። ከዴጉ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ከከተማው ደግሞ ወደ ሀሆዌ መንደር የሚሄድ አውቶቡስ አለ፣ ግን ቶሎ ቶሎ አይመጣም፣ የመልሱን ሰዓት ገና ስትወርጂ ፎቶ አንሺው። ሀሆዌን የናክዶንግ ወንዝ በሦስት በኩል ይከባታል። የርዩ ቤተሰብ ለ600 ዓመት ያህል ኖሮባታል፤ ዛሬም ሰው አለባት። ጭስ ይወጣል፣ ጎመን ተተክሏል፣ ልብስ ተሰጥቷል። ባለ ሸክላ ጣሪያው የመኳንንቱ ነው፣ ሣር ክዳኑ የጭሰኛው። አንዳንዱ በር ላይ የሰው ቤት ነው አትግቡ የሚል ታገኛለሽ፣ አክብሪው። እዚያው መንደር ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩ ቤቶች አሉ፣ ሚንባክ ይሏቸዋል፤ ወለሉ ከሥር ይሞቃል፣ ፍራሽ አንጥፈሽ ትተኛለሽ። በኅዳር ብርድ እንደዚያ ያለ ነገር የለም።

በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት የጭንብል ጭፈራ አለ። እሱ እንዳያመልጥሽ። ሎሌው ጌታውን ያላግጥበታል፣ መነኩሴው በሴት ይፈተናል፣ ሁለት መኳንንት በዕውቀታቸው ሲፎካከሩ ጉዳቸው ይወጣል። የሚገርመው ድሮ ወጪውን የሚሸፍኑት የሚሰደቡት መኳንንት ራሳቸው ነበሩ። አዝማሪ ቤት ገብቶ ብር እየሸለመ የሚሰደብ ሰው ያየ ጎንደሬ ቋንቋውን ባይሰማም ነገሩ ይገባዋል።

የቃኘው ልጅ

ልጄ እርግብ በር፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ።

ወጣቶቹ የነገሩሽ መልካም ነው። ግን ቹንቾንን ማንም አላነሳትም፣ ይኼ ቅር አሰኝቶኛል። አባቴ ኮሪያ ዘምተዋል። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ነው ፑሳን ወደብ የገባው። ከኛ ከ120 በላይ ወደቁ፣ ከአምስት መቶ በላይ ቆሰሉ፣ አንድም አልተማረከም። ፑሳን የተባበሩት መንግሥታት መቃብር ሄደሽ የኛን ብትፈልጊ አታገኚም፤ አስከሬናቸው ወደ ሀገር ተመልሶ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ነው ያረፈው።

ቹንቾን ውስጥ ጎንግጂቾን ከሚባለው ወንዝ ዳር የመታሰቢያ ሐውልት አለ። ጃንሆይ ራሳቸው በ1960 ዓ.ም. ሄደው ነው የመረቁት። ትይዩው ላይ የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ ተሠርቷል፣ ጣሪያው የኛን ጎጆ እንዲመስል ተደርጎ። የዘማቾቹ ፎቶ፣ ልብስ፣ ደብዳቤ አለበት። እዚያው ውኃው ዳር ሐውልቱ ከተመረቀ ብዙም ሳይቆይ የተከፈተ የኢትዮጵያ ስም ያለው ቡና ቤት አለ፣ እስካሁን ይሠራል፣ ከባለቤቶቹ ቤተሰብም እጅ አልወጣም። ኮሪያ ዛሬ በየመንገዱ ቡና ቤት ነው፤ ያኔ ግን ተፈልቶ የሚጠጣ ቡና ብርቅ ነበር።

ከዴጉ ይርቃል፣ አውቃለሁ። በአውቶቡስ ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። ሴኡል የሄድሽ ቀን ግን ከዚያ በባቡር አንድ ሰዓት ከምናምን ስለሆነ ምክንያት አይኖርሽም። ሐይቅና ተራራ የከበባት ከተማ ናት፣ ተፈጥሮም አልሽ አይደል። ያ ሁሉ ለምለም አባቴ ሲያወሩልኝ የተቃጠለ ኮረብታ ነበር።

እርግብ በር

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባትዎን ነፍስ ይማር። ቹንቾን እሄዳለሁ፣ ቃሌ ነው፤ ፎቶ አንስቼ እዚሁ አወጣልዎታለሁ።

አስጎብኚው፣ ሚንባክ ለብቻዋ ለምትሄድ ሴት እንዴት ነው? ሌሎቻችሁም ስለ ጾሙና ስለ ተራራው የምታውቁትን ጣል ጣል አድርጉ እንጂ። አሁን ጭራሽ ከመጣሁበት በላይ ጓጓሁ።

አስጎብኚው

ምንም አትፍሪ። የሚያሳድሩሽ አብዛኞቹ አሮጊቶች ናቸው። ሳትበይ እንዳታድሪ ነው የሚጨነቁት።

ደባርቅ በር

ስለ ተራራው እኔ ልናገር፣ የስሜን ልጅ ነኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እወቂ እታለም። ከደቡብ ኮሪያ ተራራ ሁሉ ትልቁ ጄጁ ደሴት ላይ ያለው ሀላሳን ነው፣ 1,950 ሜትር ገደማ። ጎንደር ከተማ ከ2,100 በላይ ናት። ማለት ፒያሳ ቆመሽ ማኪያቶ ስትጠጪ ከደቡብ ኮሪያ ሁሉ በላይ ነሽ። ግን ይኼን ይዘሽ አትናቂያቸው። ተራራቸው አጭር ይሁን እንጂ ቀጥ ያለ ነው፣ መንገዱ ደግሞ ደረጃ፣ ደረጃ፣ አሁንም ደረጃ። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሴትዮዎች ባለ ቀለም ጃኬትና ባርኔጣ አድርገው በሁለት ዱላ ጥለውሽ ሲያልፉ ታዪያለሽ። እኔን ጥለውኝ አልፈዋል።

ዴጉ ላይ ካለሽ ፓልጎንግሳን ደጅሽ ነው፣ በከተማ አውቶቡስ ትደርሺያለሽ። በ2023 መጨረሻ ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። የኮሪያ ብሔራዊ ፓርኮች መግቢያ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነጻ ነው፣ ለኪስሽ መልካም ዜና። እዚያ ጋትባዊ ወደሚሉት ውጪ። 850 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠ የድንጋይ ቡድሃ ነው፣ ራሱ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ እንደ ባርኔጣ ተደፍቶበታል። ከልብ የለመነውን ሰው አንድ ነገር ይሰጣል ይላሉ። ኅዳር ላይ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሲቀርብ እናቶች በገፍ ይወጣሉ፣ በዚያ ብርድ ምንጣፍ ላይ ይሰግዳሉ፣ የልጃቸውን ስም ጽፈው ሻማ ያበራሉ። ሃይማኖቱ ሌላ ነው። ስለት ግን ስለት ነው። ያን ቀን ሴትዮዎቹን አይቼ እናቴ ትዝ አለችኝ፣ ለማትሪክ ፈተናዬ ቁስቋም የተሳለችው።

ውኃ ከወደድሽ ኡፖ ሂጂ። ቻንግንዮንግ የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ያለ ረግረግ ነው፣ ከዴጉ እስከ ከተማዋ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ከዚያ የገጠር አውቶቡስ ወይም ታክሲ። ከባሕር ዳርቻው ውጪ ካሉት የሀገሪቱ የተፈጥሮ ረግረጎች በስፋቱ የሚበልጠው የለም። በሌሊት ተነሥተሽ ጉሙ ሳይነሳ ድረሺ። እዚያ አንድ ወፍ አለ፣ ፊቱ ቀይ፣ አፉ ረጅምና ቆልመም ያለ። ከኮሪያ በ1970ዎቹ መጨረሻ ጠፍቶ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ቻይና አንድ ጥንድ ሰጠቻቸው፣ አርብተው አርብተው በ2019 መልቀቅ ጀመሩ። የደምቢያን ዳርቻ እያረስን እያረስን ለጨረስን ለኛ ይኼ ነገር ትምህርት ነው፣ ግን እሱ የሌላ ቀን ወሬ ነው።

ጥር ላይ አቅም ካለሽ ሱንቾን ሂጂ፣ ይርቃል፣ ማደር ይጠይቃል። ሸምበቆ እስከ ባሕሩ ድረስ ነው። ከሩሲያ የሚመጡ ገላቸው ግራጫ፣ አንገታቸው ነጭ የሆኑ ረጃጅም ወፎች እዚያ ይከርማሉ። ከጀርባው ያለችው ዮንግሳን የምትባል ጉብታ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ሁኚ። ሱንቾን ከሄድሽ አይቀር ናጋን የሚባለው በግንብ የታጠረ የሣር ቤት መንደር አለ፣ እሱም ሰው ይኖርበታል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ አንዳንዱ የተራራ መንገድ ለእሳት ጥንቃቄ ይዘጋል። ሲዘጋ ልለፍ ብለሽ አትከራከሪ። መጋቢት 2017 ዓ.ም. እዚያው አንዶንግ አጠገብ ኡይሶንግ ላይ የተነሣው ሰደድ እሳት ብዙ ሰው ገድሏል፣ ጎኡንሳ የተባለውን የድሮ ገዳም አብዛኛውን ክፍል በልቶታል፣ ሀሆዌ ራሷ ለትንሽ ነው የተረፈችው። በ2011 ዓ.ም. ስሜን ሲነድ ቅጠል ይዘን ለወጣን ሰዎች ማስረዳት አያስፈልገንም።

ወለተ ሥላሴ

ስለ ጾሙ እኔ ልንገርሽ እህቴ፣ ሦስት ሁዳዴ ጾሜበታለሁ።

ሰው ሁሉ አትክልት ነው ብሎ የሚሰጥሽ ኪምቺ የሚሉት የተብላላ ጎመን ብዙውን ጊዜ የዓሣ መረቅ ወይም የተብላላ ሽሪምፕ አለበት። የአኩሪ አተር ወጡም መረቁ ከደረቀ ትንንሽ ዓሣ ነው የሚወጣው። በነቢያት ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለ፣ የቤትሽን ሥርዓት አንቺ ታውቂያለሽ። የማትበዪ ከሆነ ግን ጥንቃቄ ነው።

የሚያዋጣሽ ቢቢምባፕ ነው። ሩዝ፣ ከላዩ የተቀቀለ ቅጠላ ቅጠል፣ በቀይ በርበሬ ሊጥ ታሺዋለሽ። እንቁላል ይጥሉበታልና ሳይሠሩት «ግዬራን ፔ ጁሴዮ» በይ፣ እንቁላሉን ተዉልኝ ማለት ነው። ለሥጋ ደግሞ «ጎጊ ፔ ጁሴዮ»። የሄይንሳን የመሰሉ የተራራ ገዳማት መግቢያ ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች ከጫካ በተለቀመ ቅጠል የሚሠሩት አለ፣ የኔ ተወዳጅ እሱ ነው። የገዳሙ የራሱ ምግብማ ሥጋ ቀርቶ ነጭ ሽንኩርት እንኳ የለበትም። ሽሮና በርበሬ ከቤት ያዢ፣ ይኼን እናትሽም ሳትነግሪያት ታደርገዋለች።

ወደ ቤተ መቅደሱ ስለ መግባት። አዳራሹ ውስጥ ስትገቢ ጫማ ማውለቅ ነው፣ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በመሀሉ በር አትግቢ፣ እሱ የመነኮሳቱ ነው፣ እንግዳ በጎን ነው የሚገባው። ማንም ስገጂ አይልሽም። ከውጪ ቆመሽ ሕንጻውን፣ ቀለሙን፣ ዛፉን ብታዪም ያንን ያህል ደስ ይልሻል፤ እኔ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው። ከዚያ ያለፈውን ንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ ይኼ እዚህ የሚያልቅ ጥያቄ አይደለም።

ለመንገድ ደግሞ ጉግል ማፕ ላይ አትመኪ፣ የእግር መንገድ ላይ ይከዳሻል፤ ኔቨር ማፕን ጫኚ። ለቋንቋ ፓፓጎ የሚባለውን መተርጎሚያ። የከተማ አውቶቡስና ባቡር በቲ መኒ ካርድ ነው፣ ሌት ተቀን ከሚሠሩት ትንንሽ ሱቆች ገዝተሽ ትሞያለሽ።

ጃንተከል

አስጎብኚው ወንድሜ፣ ቡልጉክሳ ተመልሶ የተሠራ ነው ብለህ ልታጣጥለው አትችልም። የነሱ ቤት እንጨት ነው። እንጨት ይቃጠላል፣ ይበሰብሳል፣ ይታደሳል። መሠረቱ ድንጋይ፣ ደረጃው፣ ማማው የጥንቱ ነው፣ ላዩን ደግሞ የሚያውቅ አናጢ ነው የሠራው። የኛ ግንብ ድንጋይ ሆኖ ቆመልንና በነሱ ልንፈርድ ነው? ሴኡል ያለው ግዮንግቦክጉንግም በ1592 ነዶ ከ250 ዓመት በላይ ፍርስራሹ ሲታይ ነው የኖረው። ስለ ሶክጉራም ያልከው ግን አፌን አስይዞኛል፣ እውነት ነው።

እርግብ በር፣ ጊዜውን እንዲህ አድርጊው። መስከረም ላይ ገና ስትደርሺ ፓልጎንግሳን ውጪ፣ ቅርብ ስለሆነ። ቹሶክ የሚሉት ታላቁ በዓላቸው ብዙ ጊዜ መስከረም ላይ ይውላል፤ ያን ሰሞን ሀገሩ በሙሉ ወደ ወላጆቹ ስለሚሄድ የባቡርና የአውቶቡስ ቲኬት አይገኝም፣ ዴጉ ውስጥ ዋዪ። ግዮንግጁንና ሄይንሳን ለጥቅምት ሁለተኛ አጋማሽና ለኅዳር መግቢያ አቆዪ፣ ቅጠሉ የሚቀላው ያኔ ነው። ሕዝቡም የሚበዛው ያኔ ነው፣ በጠዋት ድረሺ። አንዶንግ ኅዳር። ታኅሣሥ በጣም ይበርዳል፣ ሙዚየም ሙዚየሙን እዪ፣ ብዙው ሰኞ ስለሚዘጋ አንቺን አይመለከትሽም። ሱንቾን ጥር። ሴኡልን ስትሄጂ ቹንቾንን አብረሽ፣ ጋሼ እንዳሉት። ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት ላይ የጨረቃ አዲስ ዓመት አለ፣ ያኔም ቲኬት የለም።

ሁሉንም ካልቻልሽ ሄይንሳንና አንዶንግን አትተዪ።

አስጎብኚው

ይኸው አንዶንግ ብለሃል፣ ተስማማን። ዎልጂ ኩሬ ማታ መብራቱ ሲበራ ግዮንግጁ ታምራለች፣ እሱን አልክድም። እርግብ በር፣ ሀሆዌ ያደርሽ ጊዜ የጭንብል ጭፈራው ላይ አንድ ላም የለበሰ ሰው ወደ ተመልካቹ ይመጣል፣ ፊት ወንበር ላይ ከተቀመጥሽ ውኃ ይረጭሻል። ሁለተኛው ረድፍ ያዢ።